ነጃት ያስተማረችኝ የውሃ ቅርጽ

ትናንት ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን ሰፈር ባለው ቤቴ ለዓሣው ሎሚ ስቆርጥ ሽታው ሲመጣብኝ ቢላዬን አስቀምጬ ቆሜ ቀረሁ፤ ሱቅ ውስጥ ሎሚ ስትለቅም ትውል የነበረችው የታላቅ እህቴ የነጃት እጅ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

እናታችን ድሬዳዋ ላይ ካረፈች በኋላ አባዬ ሁለታችንን ይዞ ጅቡቲ ገባ። አርሂባ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየን፣ አባዬም ሱቅ ከፈተ፤ እኔ ትምህርት ቤት ስገባ፣ ድሬዳዋ ሳለን በክፍሏ አንደኛ ትወጣ የነበረችው ነጃት ግን ቤቱንና ሱቁን የሚይዝ ጠፍቶ ከትምህርቷ ቀረች። ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ስለነበር፣ ከሰላምታ በቀር የማላውቀው እኔ የኬሚስትሪ መምህራችን አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ እያየሁ ነበር የምውለው።

ፈተና ሲደርስ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ ባስገባበት አንድ ከሰዓት፣ ስነፋረቅ አገኘችኝና አንድ ሎሚ፣ ሁለት ተምርና ሁለት ስንጥር ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሎሚው ኦክስጅን ነው፣ ተምሮቹ ሃይድሮጅን። ስኪያቸው እስቲ።»

ግራና ቀኝ፣ ትይዩ ሰካኋቸው። ስቃ ነቀለቻቸው።

«ኦክስጅን ሃይድሮጅኖቹን ከያዘባቸው ሁለት ጥንድ ኤሌክትሮኖች ሌላ፣ ለብቻቸው የተቀመጡ ሁለት ጥንዶች አሉት። አራቱም ይገፋፋሉ። ስለዚህ ተምሮቹ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ፤ ውሃ ጎባጣ ነው» አለችና አጣማ ሰካቻቸው። «ኦክስጅን ደግሞ ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይስባል። ቀጥ ያለ ቢሆን ሁለቱ ስበቶች እርስ በርሳቸው ይጣፉ ነበር። ስለጎበጠ አይጣፉም፤ በሎሚው በኩል ትንሽ ኔጌቲቭ፣ በተምሮቹ በኩል ትንሽ ፖዘቲቭ ይሆናል። ፖላር ማለት ይኸው ነው።»

«ካርቦን ዳይኦክሳይድስ?»

«እሱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኝ እኩል ተስቦ ይጣፋል። ፖላር አይደለም።»

«አቦ፣ መፈተን ያለብሽስ አንቺ ነሽ!» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። «አንቺ እለፊ ብቻ። ከዚያ አባዬን እጠይቀዋለሁ።»

አለፍኩ፤ አባዬም በመጪው ዓመት የማታ እንድትማር እሺ አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጃት በሶማሊኛ ዋጋ ለሚጠይቋት ደንበኞች ሁሉ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ትመልስ ጀመር፤ ሴቶቹም እየሳቁ «ማዳም» አሏት። ክረምት ላይ፣ በረሃው ንፋሱን ሲልክብን፣ ትኩሳት ያዛት። «ሙቀቱ ነው» እያለች ሱቅ ዋለች። ሆስፒታል ስናደርሳት ረፍዶ ነበር።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ አባዬ ሱቁን ሲከፍት፣ ያልሰሙት ሴቶች መጥተው «ማዳም የት ሄደች?» አሉት። አባዬ ወደ ሚዛኑ ዞሮ ይወለውለው ጀመር፤ እኔ ነኝ የነገርኳቸው።

ከእሷ በኋላ ብዙ መምህራን በፈረንሳይኛ አስተማሩኝ፣ ሁሉም ገባኝ፤ ፋርማሲስትም ሆንኩ። ዕድሜዬ የእሷን እጥፍ ካለፈ ቆየ። አሁንም ግን የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ፣ ተነሥቼ ነጃትን ልጠይቃት የሚል ሐሳብ ነው።