በር እጀታ ላይ የተሰቀለ ዓሣ

ጉንቮር ጠዋት በረዶ ልትጠርግ በሩን ስትከፍት እጀታው ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ አገኘች። ገለጥ አድርጋ አየችው። አካፋው ከእጇ ወደቀ። ዓሣ ነው። ሆዱ ተጠርጎ የታጠበ፣ ጀርባው ላይ አንድ ረጅም ክንፍ እስከ ጅራቱ የተዘረጋበት፣ ከጥልቁ ባሕር የሚወጣው ብሮስመ።

ዓሣ ምኑ ያስደነግጣል? ሌላ ቦታ ምኑም። በዚህች የሰሜን ኖርዌይ መንደር ግን በር ላይ ዓሣ የሚሰቀለው ባሕር የሚወጣ ወንድ ለሌለው ቤት ነው፤ ለመበለት፣ ለሽማግሌ፣ አልጋ ለያዘ። ማን ሰቀለው ተብሎ አይጠየቅም። የጉንቮር ቤት ደግሞ ወንድ አለው፤ ቶርጌር ይባላል። ጀልባውን ይዞ ከወጣ አራተኛ ቀኑ ነው። ማዕበሉ ከተነሳ ሁለት ቀን ሆኖታል። የጀልባው ሬዲዮ ደግሞ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ጭጭ ብሏል።

«ሰምተዋል ማለት ነው» አለች ለራሷ። «ሁሉም ሰምቷል፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ስልክ አልደወለችም። ፈራቻ! ስልክ መልስ ይሰጣል። ፌስታሉን አንጠልጥላ ወደ ዓሣ መረከቢያው ወረደች። ሐሳቧ አንድ ነው፤ ዋጋውን ከፍላ ልትገዛው። የተገዛ ዓሣ የመበለት ዓሣ አይደለማ! ሞኝነት ነው? ይሁን። ባሏን ለማዕበል የሰጠች ሴት ብልህ ካልሆነች የሚል ካለ፣ መጥቶ በቦታዋ ይቁምላት።

የመረከቢያው ሰውዬ ኢንገብሪት አፉ እሬት ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ገና ከሩቅ «መጣች ደግሞ ነዝናዛዋ!» ይላት ነበር። ዛሬ ጓንቱን አወለቀ።

«ደህና አደርሽ፣ ጉንቮርዬ?» አለ በለስላሳ ድምፅ።

ኢንገብሪት «ዬ» ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም።

«ዋጋው ስንት ነው?»

«የምኑ?»

«የዚህ!» ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ተይው ባክሽ። ወስደሽ ብይ።»

«አልበላም! አንተ ቋጣሪ! ሃያ ዓመት ሙሉ ግራም ሳታዛንፍ ስትመዝንብኝ ኖረህ ዛሬ ነው ቸር የሆንከው? ስደበኝ! እንደ ድሮህ ስደበኝ እንጂ!»

ኢንገብሪት ፌስታሉን ገልጦ ሲያይ ነገሩ ገባውና እንደ ልማዱ ጮኸ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጭንቅላትሽን ብርድ መታው እንዴ? ዓሣው ተከፍሎበታል! ያቺ የቻርታን ሚስት ትናንት ሁለት ገዝታ ሄዳለች። ማንም የማይጠይቀኝን ብሮስመ ካልሸጥክልኝ ብላ ስትነዘንዘኝ ነው የዋለችው። በይ ከፊቴ ጥፊ!»

«ስለ ቶርጌር የሰማኸው ነገር የለማ?»

«ስለ ማንም አልሰማንም» አለ፣ ድምፁን ቀንሶ። «የሰማን ቢሆንማ ይሻል ነበር።»

ስድቡን እንደ ትኩስ ሾርባ ጠጣችውና ንዴቷን ይዛ ወደ ጎረቤቷ ወጣች። ጎረቤቷን ሱኒቫን ከዋና ከተማው አግብቶ ያመጣት ቻርታን ነው፤ ከመጣች ገና አንድ ዓመት አልሞላትም። የእሱም ጀልባ ከቶርጌር ጀልባ ጋር ነው የወጣው።

«ምን ነካሽ አንቺ? ልትገድዪኝ ነው?» አለች ጉንቮር ገና ከደጅ። የዓሣውን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻት።

ሱኒቫ በሩን ተደገፈች። «ለአንዲት አሮጊት በሯ ላይ ሲሰቅሉላት አየሁ። ፍቅር መሰለኝ። አንቺ ደግሞ እህል የምትቀምሺ አልመሰለኝም… እኔም እንደዚያው ነኝ።»

የጉንቮር ንዴት እዚያው ረገበ። «ያንቺንስ በላሽው?»

«እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም።»

«ወይ አምላኬ! ነይ፣ እኔ ቤት ይዘሽው ነይ።»

የብሮስመ ቆዳ ቀልድ አያውቅም። ጉንቮር በጉጠት ይዛ ገፈፈችው፤ ሱኒቫ ጅራቱን ጨብጣ በሌላ በኩል ትጎትታለች። ነጩን ሥጋ ወፈር ወፈር አድርገው ቆረጡት። ድንቹ ተጣደ፣ የአሳማው ጮማ ከሽንኩርት ጋር መጥበሻው ላይ መንጫጫት ጀመረ።

«ጨዉን አትፍሪ፣ ውሃው ባሕር ባሕር ማለት አለበት። ሲፈላ ከእሳቱ አውርጂው፣ ዓሣው የሚገባው ያኔ ነው። ካንተከተክሽው ጎማ ይሆንብሻል።»

ሱኒቫ ሳህን አቀረበች። አራት። ጉንቮር ሳህኖቹን ቆጠረች። ሄዳ የውጭ በሩን ቆለፈችው።

«ለምን ቆለፍሽው?»

«እዚህ መንደር ሰው አያንኳኳም፣ ከፍቶ ነው የሚገባው። የሚያንኳኩት ቄሱ ብቻ ናቸው። መርዶ ሲይዙ።» ቁልፉን ኪሷ ከተተችው። «ዛሬ አይገቡም።»

ዓሣው ሳህን ላይ እንደወጣ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ።

ሁለቱም አልተነሱም። ሱኒቫ እጇን ጥርቅም አድርጋ ያዘቻት። «ለማናችን ነው?» አለች በሹክሹክታ።

ጉንቮር በልቧ አለችው፤ «ለእሷ ይሁን።» አምላክ ይይላት፣ ብላዋለች።

«ጉንቮር! ምን ሆነሽ ነው የቆለፍሽው? ጣቶቼ ደንዝዘዋል እኮ!»

ቶርጌር! ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከእጇ አመለጠ። እንደከፈተችው ደረቱን በቡጢ ደበደበችው፣ አቀፈችው፣ እንደገና ደበደበችው። «ሬዲዮህስ? የት ጠፍተህ ነው?»

«አንቴናውን በረዶ ሰበረው።» ቆቡን አውልቆ ያዘ። ያኔ ነው ጉንቮር ያስተዋለችው፤ ከገባ ጀምሮ ሱኒቫ ወደተቀመጠችበት ጠረጴዛ ዞር አላለም።

«ቻርታንስ?» አለች ሱኒቫ።

ቶርጌር ቆቡን በእጁ ላይ አዞረው። «አብረን ነበርን። የእሱን ጀልባ በረዶ ተጋግሮ ከበደው… ገመድ ወረወርኩለት፣ ሱኒቫ። ሁለት ጊዜ ወረወርኩለት።» ወደ በሩ ጠቆመ። «ቄሱ ከወደቡ አብረውኝ ነው የወጡት። አሁን ያንቺን በር እያንኳኩ ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ የሱኒቫ በር ዓሣ አጥቶ አያውቅም፤ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ይሰቅልላታል። ጉንቮር ግን አትሰቅልም። አብስላ፣ ሳህኑን በፎጣ ሸፍና ይዛ ትገባለች። ሱኒቫ ከጎኗ ታስቀምጣትና «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር፣ ጉንቮርዬ?» ትላታለች። ጉንቮር ሳህኑን አንስታ ለማጠብ ትነሳለች፤ ቀና ብላ አታያትም።