እትዬ ሮዜታ ብቻቸውን አይበሉም

ይልማ ላስ ቬጋስ ዳር የገዛው ቤት ስፋቱ ለአንድ ቀበሌ ይበቃል። ሳሎን ተቀምጦ ፎቅ ላይ ያለችውን ልጁን ኤልሮኢን ሲፈልግ በሞባይል ይደውላል፤ እሷም አታነሳም። ሚስቱ ስጦታ ቀን ቀን የሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ እሱ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እዚያው ሆቴል የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርጋል። ባልና ሚስት የሚተያዩት የሠራተኛው መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ የአንዲቷን መኪናቸውን ቁልፍ ሲቀባበሉ ነው።

“ቤንዚን አላት?”

“አላት።”

በዚህች ወሬ ትዳሩ ለዓመታት ቆሟል።

በፈረንጆቹ 2006 ሐምሌ፣ የእናቱ እህት እትዬ ሮዜታ ከናፖሊ መጡ። አባታቸው ጣሊያናዊ መካኒክ፣ እናታቸው የደሴ ሴት ናቸው። በመጡ ማግሥት አንድ ሻለቃ ጦር የሚያጠግብ ፓስታ ሠሩ።

“እርስዎ ይብሉ እትዬ፣ እኔ ሺፍት አለብኝ” አለ ይልማ።

“ብቻዬን? ምን፣ እስረኛ ነኝ? አራታችን ስንቀመጥ እበላለሁ።”

ቀልድ መሰለው። በነጋታው ድስቱን እንደተከደነ አገኘው። እትዬ ሮዜታ በውሃና በብስኩት ነው የዋሉት።

ስጦታ ደውላ ጮኸችበት። “ሴትዮዋ ቤታችን በረሃብ ቢሞቱ ምን ልንባል ነው?”

ይልማ ላብ አጠመቀው። እንግዳ ጦም አሳደረ ከተባለ፣ ወሬው ናፖሊ ቁርስ በልቶ ደሴ ምሳ ይደርሳል።

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ቁልፍ ሊቀባበሉ ሲገናኙ፣ እትዬ ሮዜታ ኤልሮኢን ድስት አሸክመው ከአውቶቡስ ወረዱ። ድስቱን የመኪናዋ ኮፈን ላይ አስቀመጡት፤ የቬጋስ ፀሐይ ኮፈኑን እንደ ምድጃ አግሎት ስለነበር ፓስታው እንደገና መንተክተክ ጀመረ። አራቱም ከበቡ። እትዬ ሮዜታ ሹካ አነሡ።

“ይልማ! መኪናው ተሰልፏል እኮ!” አለቃው ሀሰን ነበር።

ይልማ ፊቱን ሲያዞር፣ እትዬ ሮዜታ ሹካቸውን ወደ ድስቱ መለሱ።

“ሀሰን፣ ወደ ቀን ሺፍት ቀይረኝ።”

“አበድክ? የማታውን ቲፕ ትተህ? በምን ምክንያት?”

“አክስቴ አልበላም አሉ።”

ሀሰን የወሎ ልጅ ነው፤ ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። “ከነገ ጀምሮ ጠዋት ግባ” ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ ማታ አራቱም ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። እትዬ ሮዜታም መብላት ጀመሩ። ከዚያ ኤልሮኢ፣ “ባቢ፣ ሳተርደይ ጸጉሬ ቀይ ይሆናል” አለች።

“እኔ በቁሜ? በፍጹም!”

ስጦታ ሳቀች። “ከመቼ ጀምሮ ነው የዚህ ቤት አባት የሆንከው?”

“ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ!”

ኤልሮኢ ጮኸች፣ ይልማ ጠረጴዛ መታ፣ ስጦታ ሁለቱንም ተቆጣች። ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ይህ ቤት ሰው እንደሚኖርበት ለመጀመሪያ ጊዜ አወቁ።

“እሰይ!” አሉ እትዬ ሮዜታ ሳህናቸውን ወደ ይልማ እየገፉ። “ጨምርልኝ፣ ልጄ። እናንተም አታቋርጡ።”