ኒም ፍለጋ ወደ መተማ

ጎንደር፣ ንጋት

ገና ጎህ ሳይቀድ ከመናኸሪያ ወጣን። ጭኔ ላይ ወደ አማርኛ የምመልሳቸው የኡርዱ አጫጭር ልብ ወለዶች አሉ። በነሱ ውስጥ ዛፍ ቤተሰብ ነው፤ ያማክሩታል፣ ይወቅሱታል፣ ያኮርፉታል። አንዱ ታሪክ ግን አላላውስ ብሎኛል። ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ከግቢው ኒም ጋር ሲያወራ ይኖራል። እኔ ደገኛው የቆላውን ዛፍ ኒምን አይቼ አላውቅም። «ዋርካ» ብዬ ልገላገል ነበር፤ ልቤ እምቢ አለኝ። ለዛፍ ብሎ መንገድ መውጣት የሚቻለው ቤት ውስጥ «የት ትሄዳለህ?» የሚል ሲጠፋ ነው። ከፋኝ፤ ግን ሄድኩ።

ሸሕዲ፣ ረፋድ

አይከልን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፤ እዚህ ሸሚዜም ከበደኝ። የቀን ሠራተኞች ከነፌስታላቸው መንገድ ዳር ተደርድረው ቀጣሪ ይጠብቃሉ።

«መተማ ምን ልትሸጥ ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«ኒም የሚባል ዛፍ ለማየት ነው።»

«አይ ያ ዞል፣ አንተ ሰው! እሱማ እዚህም ሞልቷል፤ ውረድ» ብሎ ሳቀብኝ። አልወረድኩም። ከኮኪት ወዲያ የታጨደ ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ አቧራ፣ እንደገና ሰሊጥ።

መተማ፣ አመሻሽ

ያረፍኩት ጨርቅ ይነግዱ ከነበሩት ከእማ ዘሃራ ዘንድ ነው። በሙሽርነታቸው የተከሏት ኒም ግቢውን ሞልታዋለች። ሱቁ ግን ባዶ ነው። ቤቱ ተሽጦ ነገ ልጃቸው ወደ ጎንደር ይወስዳቸዋል፤ ገዢውም መጋዘን ሊሠራ ነገውኑ ኒሟን ያስቆርጣታል።

ፉል በዳቦና ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ አቀረቡልኝ። ከኒሟ ሥር ተቀምጠን ታሪኩን ነገርኳቸው።

«በዚያ አገርም ኒም ነው የሚሏት?»

«አዎ፣ ስሟ ያው ነው።»

«መጨረሻው እንዴት ሆነ?»

«ሽማግሌውን ልጁ ወደ ከተማ ይወስደዋል። ናፍቆት ይገድለዋል።»

«ኒሟስ?»

ታሪኩ አይናገርም። ሁልጊዜ የማዝነው ለሽማግሌው ነበር፤ ስለ ዛፏ ጠይቄ አላውቅም።

«የጻፈው ሰው ደገኛ ነው መሰል» አሉ።

መተማ፣ ማለዳ

ልጃቸው ሚኒባስ ይዞ መጣ። ፍራሹ፣ ሣጥኑ፣ ድስቱ ተጫነ። እማ ዘሃራ የኒሟን ግንድ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ዞር ብለው ሳያዩ ተሳፈሩ። ከዚያ በመስኮት ጠሩኝ።

«አንተ መቼ ነው የምትሄድ?»

«በሚቀጥለው መኪና።»

«እንግዲያ እስክትሄድ ተቀመጥላት። የሚቆርጧት ሰዎች ሲመጡ ብቻዋን እንዳትሆን።»

እሺ አልኳቸው። ሚኒባሱ ሄደ።

ከሥሯ ተቀምጫለሁ። ግቢው ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም የለም። የጎንደሩ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ በበሩ አለፈ፤ አልተነሣሁም። ሰዎቹ ገና አልመጡም።