ሞቶ አልቀበር ያለውን ሰውዬ ማየት ለምትፈልጉ

አሁን አሁን ጎንደር ደርሶ የተመለሰ ሁሉ ስለ ሲኒማ ያወራል። የእህቴ ልጅ በቀደም መጥታ፣ ሙት ከመቃብር ሲነሳ የሚያሳይ ፊልም አይታ እንቅልፍ እንዳጣች ነገረችኝ። ሳቅሁባት። እኛ መተማዎች ያንን ሰውዬ ከእሷ በፊት እናውቀዋለን። ጣሊያን በነበረ ጊዜ በየበጋው እየሞተ በየበጋው እየተነሳ፣ ከዘመድ ይበልጥ ተመላልሶ ጠይቆናል። ስለዚህ የትኛውን ክፍል ማየት፣ በየትኛው መተኛት እንደሚሻል ለማታውቁት ልጻፍላችሁ። ጽሕፈቴ ቀስ ያለ ነው፤ ሰውዬውም የሚቸኩል አይደለም።

ሲኒማው በካሚዮን ነበር የሚመጣው። ዝናብ ሲያቆምና ጭቃው ሲደርቅ ከጎንደር ይወርድና ገበያው ሜዳ ላይ ይቆማል። ወታደሮቹ ሁለት ግንድ ተክለው አቡጀዲ ይወጥራሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጡሩምባ ይነፋል። ያልመጣ ሰው ለምን እንዳልመጣ በማግስቱ ይጠየቃል። እንዲህ ተደርገን ነው እንግዲህ የሠለጠንነው። ቆሞ ማውራት በሚያስጠረጥርበት፣ ማኅበር መጠጣት በተከለከለበት አገር፣ ተሰብስቦ መፍራት ብቻ ተፈቅዶ ነበር።

ከፊልሙ በፊት ሁልጊዜ አንድ ሰው ሰገነት ላይ ቆሞ፣ አገጩን ሽቅብ ቀስሮ ይጮሃል። መጀመሪያ በታየ ጊዜ፣ ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡና፣

«ሙቱ ይሄ ነው?» አሉ ጮክ ብለው።

አስተርጓሚው ንግግሩን የሚተረጉምበትን የቆርቆሮ መለከት ከአፉ አወረደ። የአገራችን ሰው ነው፤ አስመራ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ቋንቋቸውን ለምዶ፣ አሁን ከእነሱ ጋር ተመልሶ የመጣ።

«ኧረ እማማ፣ ዝም ይበሉ! ይሄ ገዢያችን ነው!»

«ታዲያ ከዚህ የባሰ አለ ትለኛለህ?»

የመጀመሪያውን ክፍል ከባሌ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው ያየነው። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ጥቁር ካባ የለበሰ የፈረንጅ ባላባት ይሞታል፤ ይቀበራል፤ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ መሬቱን አያይ፣ ከብቱን አይጠይቅ፣ ነጭ ቀሚስ የለበሱ ሴቶችን አንገት ሲያንቅ ያመሻል። ሴቶቹም አያሳዝኑም። ድምፅ ሲሰሙ በር መዝጋት ሲገባቸው ሻማ ይዘው ወደ ድምፁ ይሄዳሉ። ሲሸሹም በለጥ ያለው ሜዳ ላይ ይወድቃሉ። እኛ እሾህና ጉቶ በሞላበት በረሃ ስንሮጥ አንወድቅም፤ እነሱ ምንጣፍ ላይ ይወድቃሉ።

ባሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ይሄ ሰውዬ ከሞተ በኋላ ሥራ ፈታ» አለኝ። «አንድ ቀን አረም ቢያርም ይተኛ ነበር።»

አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅሁ። ይህንን ክፍል እዩት። ከሚስቅ ሰው ጋር ግን እዩት።

በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ፣ ባሌ ማሽላውን ዘርቶ ሳያርመው ወደ ቋራ በረሃ ገባ። ለጠየቀኝ ሁሉ ገዳሪፍ ለንግድ ሄዷል እል ነበር። ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት፣ ከቋራ ማር ይዞ የሚወርድ ሰው ደጄ ቆሞ መርዶውን ነገረኝ። ጥይት አግኝቶታል፤ ጓደኞቹ ከአንድ ሾላ ሥር አፈር አልብሰውት ሸሽተዋል። ካህን አልነበረም፤ መገነዣም አልነበረም።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ያን ጊዜ የሽፍታ ለቅሶ የለም ተብሎ ታውጇል። ለቅሶ የተቀመጠ ቤት የአርበኛ ቤት ነው፤ የአርበኛ ቤት ደግሞ ይቃጠላል። ስለዚህ ባሌ ሞቶ ሳለ ገዳሪፍ ሲነግድ ኖረ። እኔም ጸጉሬን ሳልላጭ፣ ነጠላዬን ሳላዘቀዝቅ፣ ወንዝ ስወርድ ስስቅ፣ ገበያ ስወጣ ስከራከር ከረምኩ። አባቴ ዳዊት አስደግመውኛልና ሌሊት በለሆሳስ እደግምለታለሁ። ግን ሰው ብቻውን አያለቅስም። ብቻ የተለቀሰ ለቅሶ፣ ብቻ እንደተበላ ድግስ ነው። አገር ቆሞ «ወየው» ሊልለት የሚገባ ሰው ነበረ፤ እኔም ያንን ሳላደርግለት መሞት ፈራሁ። ከፊልሙ ይበልጥ የፈራሁት ይህንን ነው።

ሁለተኛው ክፍል በዚያ በጋ መጣ። ሙቱ ወንድም አለው ይላሉ፤ አትመኑ፤ ራሱ ነው፣ ጢም አብቅሎ። እዚህኛው ላይ መተኛት ይቻላል። እኔ ግን አልተኛሁም፤ ሰውዬው መቃብሩን በክንዱ ገፍቶ በወጣ ቁጥር ያ ሾላ ይታየኝ ነበር። ባሌ እንደዚያ ቢነሳ አንገቴን ቢያንቀኝም ደስ ባለኝ ብዬ አሰብኩ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ወታደሮቹ አቡጀዲውን ሲያወርዱ ክርክር ተነሳ። ሰውዬው ለምን አይተኛም? ባለ ሱቁ ሐጂ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣

«አላጠቡትም» አሉ። «አያችሁ ሲያጥቡት? ያልታጠበ ሬሳ እንዴት ይተኛል?»

የደብሩ ቄስ ተቆጡ። «ሐጂ፣ ውሃ ምን ያደርጋል? ፍታት አልተደረገለትም! ካህኑ ደረሰና ሁለት ቃል ተናግሮ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሄደ። ያ ፍታት ነው? እኔ ብፈታው ኖሮ ሁለተኛው ክፍል ባልኖረ።»

«እጠቡትና ፍቱት እንግዲህ፣ ሁለታችሁም ገላግሉን» አለ አንድ ጭነት ነጂ።

አሮጊቷ ጎረቤቴ ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉ። «ወንዶች ምን ታውቃላችሁ። ሚስቱን አላያችኋትም? በመሐረብ ዓይኗን ጠረግ ጠረግ፣ አለቀ! ደረት የመታ የለም፣ ሙሾ ያወረደ የለም። ያልተለቀሰለት ሰው ምን ይዞት ይተኛል? እኔም ብሆን እነሳለሁ።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። መርዶውን እንደሚያውቁ ያን ጊዜ ገባኝ። መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ሁሉም ገዳሪፍ ነው እያለ።

ሦስተኛውን ክፍል አያምልጣችሁ፤ ለፊልሙ ሳይሆን መጀመሪያው ላይ ላለው ቀብር። አሁንም ያው ሰውዬ ነው፤ አሁንም ይሞታል። እዚህኛው ላይ ግን ፈረንጆቹ ገንዘብ አውጥተዋል፦ ዝናብ፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ አራት ጥቁር ፈረስ፣ ሣጥኑ ቀስ ብሎ ወደ ጉድጓዱ። ሬሳው ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ፣ አሮጊቷ ከመሬት ብድግ አሉ። በወጣትነታቸው እስከ ጭልጋ እየተጠሩ የሚያለቅሱ አልቃሽ ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን ከአዋጁ ወዲህ ተሰምቶ አያውቅም።

«ሰሊጡ ደረሰ፣ አጫጁ የት አለ፣
ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሳይገነዝ ዋለ።»

ሸራው ላይ ያለው ባላባት ሰሊጥ በዓይኑ አላየም። ቀጥሎ አንዲት ሴት ደረቷን መታች፤ ቀጥሎ ሌላ። የሐጂ ሚስት ከእስላሞቹ ሴቶች መካከል እሪ አለች። ሴቱ ተነስቶ ክብ ሠራ፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ቄሱ ጥግ ይዘው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር። እኔን መሀል አስገቡኝ። ማን እንደጎተተኝ አላውቅም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደረቴን መታሁ፤ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ሰው የሌለው መስሎ ብቻውን ቢተኛ፣
አገር ሙሉ መጣ፣ ይኸው ዛሬ እኛ።»

የወታደሮቹ አዛዥ ከወንበሩ ተነሳ። አስተርጓሚውን በክርኑ ነካና አንድ ነገር ጠየቀው። አስተርጓሚው እኔን አየ፤ አሮጊቷን አየ፤ ከዚያ በጣሊያንኛ መለሰለት። አዛዡ ደረቱን ነፋ፤ ለመኮንኖቹ እጁን እያወናጨፈ አወራ፤ ማሽኑን የያዘውን ወታደር ቀብሩን መልሶ እንዲያሳይ አዘዘው። ሰውዬው ከጉድጓዱ ወጣ፣ እንደገና ገባ። እኛም እንደገና አለቀስን።

በማግስቱ አስተርጓሚው ውሃ ስቀዳ በአጠገቤ አለፈና፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «እትዬ፣ ፊልሙ ልባቸውን ነክቶት ነው ብዬዋለሁ» አለኝ። ፈርቶ ይሁን አዝኖ አላውቅም። ለባንዳ ቶሎ ምስጋና አይሰጥም ብዬ ዝም አልኩት፤ ዛሬም ዝም እንዳልኩት ነኝ።

አዛዡማ ፊልሙን ወዲያው ካሚዮኑ ሳይመለስ ደገመው። ይህ ሕዝብ ጥበብ ገባው ብሎ ለጎንደር ሰዎች ይኩራራ እንደነበር ሰምተናል። ሲደግመው የሌላዋ ሴት ባል ተለቀሰለት፤ ሲሠልስ የሌላዋ ወንድም። የማይሞተው ባላባት የአገሩን ሙት ሁሉ ተሸክሞ ወደ ጉድጓድ ወረደ። ከቀብሩ በኋላ ያለውን ግን ማንም አላየውም፤ ሲነሳ እኛ ጀርባችንን ሰጥተን እንባችንን እየጠረግን ነበር። እናንተም ቀብሩ ሲያልቅ ወደ ቤታችሁ ግቡ፤ ምንም አይቀርባችሁም። አራተኛው ክፍል እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ የእንግሊዝ አውሮፕላን መጥቶ ገበያውንም ካሚዮኑንም አነደደው፤ ምን እንደጎደለብኝም አላውቅም።

ወደዚያች የመጀመሪያ የለቅሶ ምሽት ልመለስ። ቤቴ ስገባ ሰው ተከትሎኝ ገባ። እዝን ይዘው ነው፦ አንዷ ሽሮ፣ አንዷ የማሽላ እንጀራ፣ የሐጂ ሚስት የከርከዴ ሻይ በጀበና። በር ላይ ወታደር አስቁሟቸው ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ለቅሶ።»

«የማን?»

«የፊልሙ ሰውዬ ነዋ! አላየኸውም እንዴ፣ ልጄ? ምስኪን።»

ወታደሩ እየሳቀ አሳለፋቸው። ለሥዕል የሚያለቅሱ ጅሎች!

ጎንበስ ብለው ገብተው በየጠፍር አልጋው ላይና መሬቱ ላይ ተደረደሩ። ከዚያ የሐጂ ሚስት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ» አለች፣ «ባልሽ ማሽላ ሲጠብቅ ሲዘፍን፣ አይደለም ወፉ፣ ዝንጀሮው ይሸሽ ነበር። ወንጭፍ አያስፈልገውም።»

«እውነቷን ነው! የኛ በሬ አንድ ቀን ገመድ በጥሷል።»

«እኔ ደግሞ ሰው የሚታረድ መስሎኝ ሮጬ ወጥቻለሁ!»

እንዲህ እየተቀባበሉ አሙት። ግትርነቱን አነሱ፣ ማንኮራፋቱን አነሱ፣ የታመመ ጎረቤት አዝሎ ሸሕዲ ድረስ መሄዱን አነሱ። ገዳሪፍ ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሳቅሁ፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ፤ አፌን ሳልይዝ፣ ድምፄን ሳልሰብር አለቀስኩ። አሮጊቷ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ውሃ አስመጥተው እጄን አስታጠቡኝና እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

«በይ አሁን ብዪ» አሉኝ።

በላሁ።