ጋቢና የማን ነው

መኪናው ገና ሳይገዛ ነበር የደከመኝ። ባለቤቴ ማታ ማታ ጋደም ብሎ በስልኩ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ቪዲዮ ያያል፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ልተኛ እየሞከርኩ፣ ሳልፈልግ ስለ ባትሪ የማላውቀው ነገር አልቀረም። በስንት ሰዓት ይሞላል፣ ጎርፍ ውስጥ ይገባል ወይ፣ የቃሊቲን መጨናነቅ ይችላል ወይ። እኔ መጨናነቁን እችል እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

መኪናው ያስፈለገን ለአማቴ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረጃ አዳልጧቸው ወድቀው ጉልበታቸው ተሰበረ። ብረት ገባላቸው፤ ስብራቱ ቢጠገንም እግራቸው ደርቆ ቀረ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ "አሁን ካልተፍታታ እንዲሁ ይቀራል" ስላለች፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ድረስ እንመላለሳለን። የምወስዳቸው እኔ ነኝ፤ በሚኒባስ።

ሰዉ ደግ ነው፤ ከዘራቸውን ሲያይ ከሰልፉ ያሳልፈናል። ረዳቱም "እማማ፣ ጋቢና ይግቡ!" ብሎ በሩን ይከፍትላቸዋል። እሳቸው መርቀውት ይገባሉ። ከዚያ ያንን አልታጠፍ ያለ እግር ከዳሽቦርዱ ሥር በግድ አጥፈው፣ ከበሩና ከሌላ ተሳፋሪ መሃል ተጣብቀው ይሄዳሉ። እኔ ከኋላቸው ሆኜ አንገታቸው ላይ ላቡ ሲወርድ አያለሁ። ባለሙያዋ ስታፍታታው የዋለችውን እግር የመልሱ ጉዞ መልሶ ያደርቀዋል። ቤት ስንደርስ ረጅሙ ሶፋ ላይ ዘርግተውት ነው ትንፋሽ የሚያገኙት። አንድ ቀን ከሶፋው ሳይነሱ "ከእንግዲህ አልሄድም፤ እግዜር እንዳደረገው ያድርገው" አሉ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ነው ያጠራቀምነውን አውጥተን መኪና እንግዛ ያለው።

ቃሊቲ መንገድ ዳር ካሉት መሸጫዎች አንዱ ገባን። የምታስተናግደን ልጅ ታብሌት ይዛ፣ ጣቷን ባንሸራተተች ቁጥር አዲስ ምርጫ ታመጣለች። ጣሪያው መስታወት ይሁን? መስኮቱ ጥቁር ይለጠፍበት? መኪናው የሚናገረው ቻይንኛ ነው፣ ወደ እንግሊዝኛ ይቀየርላችሁ?

"እስኮርታ የለውም እንዴ?" አለ ባለቤቴ፣ የኋላውን ከፍቶ ጎማ ሲያጣ።

"እሱ ተጨማሪ ነው፣ ጋሼ።"

ምንጣፉም ተጨማሪ ነው። ቤት የሚተከለው ቻርጀርም ተጨማሪ ነው። ያለ ተጨማሪ የሚመጣው ድካም ብቻ ነው መሰለኝ። ባለቤቴ ግን ዓይኑ አንድ ነገር ላይ ቀርቷል፤ "ፉል ኦፕሽን" የሚሉት ላይ። ፉሉ ጋቢናው በሞተር ይንቀሳቀሳል፤ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደላይ ይላል፣ ይሞቃል፣ ወገብ ያሻል። ኋላው ደግሞ ሁለት ወንበር ለየብቻ ሆኖ መሃሉ ላይ የማይነሳ ሣጥን አለው። ስታንዳርዱ ጋቢናው ተራ ነው፤ የኋላው ወንበር ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ።

ባለቤቴ ለምን ጋቢና ጋቢና እንደሚል አውቃለሁ። እናቱ እሱን ያሳደጉት ሽንኩርት ነግደው ነው። አቃቂ ገበያ የሚመጡት በጭነት መኪና፣ ከላይ፣ በጆንያው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲዘንብም ከላይ፣ ፀሐይ ሲሆንም ከላይ። ልጅ ሆኖ "እማዬ፣ እኔ መኪና ስገዛ ጋቢና ነው የማስቀምጥሽ" ይላቸው እንደነበር ከተጋባን ጀምሮ ስሰማ ኖሬያለሁ።

የዚያን ቀን ማታ ስለ ጋቢናው ሲነግራቸው ደስ አላቸው፤ ሳቁ፤ ከዚያ "እኔ እንኳ ኋላ ይሻለኛል" አሉ።

እሱም ሳቀ። ምን ያድርግ? የእኛ እናቶች እንዲህ ሲሉ ማን አምኖ ያውቃል? "ጠግቤያለሁ" ይላሉ፣ ሳይበሉ። "አልበረደኝም" ይላሉ፣ እየተንቀጠቀጡ። እናት "ይሻለኛል" ካለች ለልጇ መተዋ ነው፤ ልጅም ጨዋ ከሆነ እንቢ ብሎ የተሻለውን ይሰጣታል። ባለቤቴ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነው።

እኔ ግን ያንን እግር በሞቀ ውሃ የማጥበው ሰው ነኝ። እውነታቸውን እንደሆነ አውቄዋለሁ። እንዴት ብዬ ልናገር? ምራት ሆኜ "እናትህን ኋላ አስቀምጣቸው" ብል፣ ጋቢናው ለማን ሊቀር ነው? አፌን ሳልከፍት ሰው የሚለው ተሰማኝ። ቢሆንም ሞከርኩ።

"ስታንዳርዱ አይበቃንም?"

"ለእናቴ ሲሆን ነው አይደል የሚበዛው?" አለኝና ፊቱን አዙሮ ተኛ። ልጨቃጨቅ አቅም አልነበረኝም።

ልንዋዋል ስንሄድ አማቴንም ይዘናቸው ሄድን። ልጅቷ በደስታ "እማማ፣ ጋቢናዎን እንሞክረው!" ብላ ለእይታ የቆመው መኪና ውስጥ አስገባቻቸው። ቁልፉን ስትጫን ወንበሩ እየዘመረ ተነሳ፣ ወደፊት ሄደ። ጉልበታቸው ዳሽቦርዱን ነካ። ወደኋላ ብትመልሰውም እግራቸው ወርዶ መታጠፉ አይቀርም። አማቴ ከንፈራቸውን ነክሰው "ተባረኪ፣ እደጊ" አሏት። ባለቤቴ በደስታ ፎቶ እያነሳቸው ነበር። አንገታቸው ላይ ያንን ላብ አየሁት። በሳምንት ሦስት ቀን የማየውን ላብ፣ በገዛ ገንዘባችን ልናስገጥመው ነው። ምርር አለኝ።

"ጋቢና የምቀመጠው እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን አልሽ?" አለ ባለቤቴ፣ ስልኩን ዝቅ አድርጎ።

"እኔ ነኝ የምቀመጠው። አዲስ መኪና ተገዝቶ ኋላ አልሄድም።"

ልጅቷ ታብሌቷ ላይ አቀረቀረች። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ግን አልመለስኩትም። አማቴ ከውስጥ ሆነው አዩኝ። ረዘም አድርገው ነው ያዩኝ።

"እሷ ትቀመጥ" አሉ። "እኔ ኋላ ይሻለኛል።"

ባለቤቴ አሁንም አላመናቸውም። ፊቱ ተለዋወጠ። "እንግዲያማ ፉሉ ለማን ነው? ስታንዳርዱን ስጪን" አላት ልጅቷን። ተፈረመ፤ ወጣን። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው ስለ ጨውና ስለ በርበሬ ብቻ ሆነ። ለሚስት ተሸንፎ እናቱን ያዋረደ ወንድ አድርጎ ነው ራሱን የሚያየው፤ ያ ደግሞ ከቁጣው በላይ አሳዘነኝ።

መኪናው የመጣ ቀን ጎረቤት ሁሉ ሊመርቅ ወጣ። አማቴን ደግፌ ኋላ ሳስገባ አንዷ "እማማ ኋላ?" ብላ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ጋቢና ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እንደዚያ የከበደኝ መቀመጫ የለም።

አማቴ ጫማቸውን አወለቁ፣ ጀርባቸውን በትራስ በሩ ላይ አስደገፉ፣ እግራቸውን በረጅሙ ወንበር ላይ ዘረጉት። ቃሊቲ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ባለቤቴ ድካማቸው ነው ብሎ ገምቶ መሆን አለበት፣ መንዳቱን ቀጠለ። በየሳምንቱ እንዲሁ፤ እሱ መሪው ላይ፣ እሳቸው እንቅልፍ ላይ፣ እኔ ደግሞ ጋቢና ላይ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለሙያዋ የአማቴን እግር ይዛ አጠፈችው። ታጠፈ። ደግማ አጠፈችው፤ አሁንም ታጠፈ።

"እማማ፣ ምን ተገኘ? እንዲህ ሆነው መጥተው አያውቁም እኮ!"

"ምራቴ ጋቢናዬን ቀምታኝ ነዋ!" አሉ አማቴ፣ ክፍሉን በሚሞላ ሳቅ። "ልጄማ ጋቢና አስቀምጦ ሊገድለኝ ነበር!"

ባለቤቴ የእናቱን ጫማ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ጫማውን እንደያዘ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ተከተልኩት። ዓይኔን ማየት አቃተው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ።

"እሳቸው ነግረውህ ነበር እኮ" አልኩት። "ሁለት ጊዜ።"