ውኃ ልክና ቀይዋ መስመር

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ የሚያውቀው «ውኃ ልክ» በሚል ቅጽል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መቀሱ ዝንፍ ብሎ አያውቅማ። ታዲያ ዓይን እንደ መቀስ አይሳልም፤ ዘንድሮ ነጭ ጨርቅ ላይ ያሰመረው ጠመኔ አልታይህ አለውና የሰው መጋረጃ አጣሞ ቆረጠ። አብራው የምትሠራው ታናሽ እህቱ መቀሱን አንስታ በእሷ በኩል ካለው ምስማር ሰቀለችው። እስከ ሐሙስ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ካልቻለ እሷ ትቆርጣለች፣ እሱ ቁልፍ ይተክላል፤ ፍርዷ ይህ ነበር። ቁልፍ ተከላ ደግሞ ለውኃ ልክ ከሞት አይሻልም።

ጎረቤቱ ሬዲዮ ጠጋኝ ሦስት ያረጁ የኮምፒውተር ዲቪዲ መጻፊያዎች ሰጠው። በእያንዳንዱ ሆድ ውስጥ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ፣ ቀይ ጨረር የምትተፋ ዳዮድ አለች፤ ጨረሯ በብርጭቆ ዘንግ ሲያልፍ ተዘርግቶ በጠመኔ ፈንታ ጨርቅ ላይ ጎልቶ የሚታይ መስመር ይሆናል። «ፊት ለፊት እንዳታያት፤ የቀረችህን ብርሃን ይዛብህ ትሄዳለች» ብሎም አስጠነቀቀው።

ውኃ ልክ ብሎኑን ፈታትቶ የመጀመሪያዋን ከብረት ቤቷ ፈልፍሎ አወጣት። እንዳትጠፋ፣ እንዳትጫር ብሎም ለስላሳ የናይለን ገበር አንጥፎ እንደ አራስ ልጅ አስተኛት። ቢለኩሳት ግን ፈዘዘች፤ ጨረር የላትም። ሁለተኛዋን ይበልጥ ተጠንቅቆ በድርብ ገበር ጠቀለላት። እሷም እንደዚያው።

«ጋሼ፣ ቁልፎቹን በየቀለማቸው ለይቼልሃለሁ» አለች እህቱ፣ እንደ ዋዛ።

እሱ ሦስተኛውን መጻፊያ ወደ ራሱ ሳበ።

ረቡዕ ጧት ገበሩን ከጠረጴዛው ሲያነሳ ጣቱን ጠዝ አደረገው፤ የክንዱ ፀጉር ቆመ። ናይለን ሲታሽ ኤሌክትሪክ እንደሚቋጥር ዕድሜ ልኩን ያውቃል፤ ለእሱ ቁንጥጫ የሆነው ለዳዮዷ መብረቅ መሆኑ ግን ያኔ በራለት። አልጋ ብሎ ያነጠፈላት ገዳይዋ ኖሯል። ለብቻው ሳቀና እጅጌውን ሰበሰበ።

ገበሩን በሙሉ ወደ ጓዳ አባረረ፤ የጥጥ ሸሚዝ ለበሰ። መብረቁ በመካከላቸው እንዳያልፍ የሦስተኛዋን የብረት እግሮች ገና ሳያወጣት በቀጭን የመዳብ ሽቦ አንድ ላይ ጠመጠማቸው፤ ተበይዳ እስክታልቅም አልፈታቸውም። ሊነካት ባለ ቁጥር ገላው የቋጠረውን ኤሌክትሪክ ለመሬት ሊያስረክብ አስቀድሞ የብረቱን የውኃ ቧንቧ ይነካል። እህቱ ሲመላለስ አይታ ከቧንቧው ጋር ዝምድና ጀመራችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። በመጨረሻ ኤሌክትሪክ እንዳይበዛባት ጠጋኙ ከሠራለት ኃይል መጣኝ ጋር አገናኛት፤ የብርጭቆውን ዘንግም ፊቷ ላይ አጋደመ።

ሐሙስ ነጩ ጨርቅ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ መስመር ተጋደመች። እህቱ መቀሱን ከምስማሩ አውርዳ አቀበለችው። መስመሯን ተከትሎ ቆረጠ።

ልብስ ሰፊ ግን በዓይኑ ብቻ አያምንም። እህቱ ከተቆረጠው ጠርዝ አንዲት ክር ያዘችና በቀስታ መዘዘች። ጨርቁ ተጣሞ ተቆርጦ ቢሆን ክሯ መሐል ላይ ባለቀች ነበር፤ እስከ ወዲያኛው ጫፍ መጣች። ጣቷ ላይ ጠመጠመቻት።

«ሁለተኛውን የጨርቅ ጥቅል ላምጣ፣ ጋሼ?»

«አምጪ። እግረ መንገድሽን እነዚያን ቁልፎች አንሺልኝ፣ ቦታ ይዘውብኛል።»