የሸማኔው ልጅ ቋጠሮ

ብርቱካን አልበላም። ሰው ሲጠይቀኝ ለጨጓራዬ አይስማማኝም እላለሁ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ጨጓራ አለኝ ሲል የሚጠራጠር የለም። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ መጻሕፍቷን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ብርቱካን ስትልጥ ሽታው ክፍሉን ሞላው። አፌም ወዲያው ምራቅ ሞላ። ምግብ ሲያምር የሚመጣው ምራቅ አይደለም፤ ሊያስመልስ ሲል የሚቀድመው ቀጭኑ ነው። ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«ወዲያ አርጊልኝ እሱን።»

የልጅ ልጄ ሥነ ልቦና ተምራ ነው የተመረቀችው። ዘንድሮ እዚሁ መካነ ሰላም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ታስተምራለች። ያን ዕለት ለሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ስትዘጋጅ ነበር። «ርእሱ ስሜት ነው፤ ልጆቹ በወሬ ብቻ ይሰለቻሉ። አንድ ራሳቸው ላይ የሚሞክሩት ነገር ላምጣላቸው ብዬ አስቤያለሁ» አለችኝ። ቀፈፈኝ። ልጅቱ ምንም አላጠፋችም። ራሳችን ላይ የተሞከረብንን ቀን አስታውሳኝ ነው።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ሥነ ልቦና በመደበኛው ትምህርት ውስጥ አልነበረም። አንድ ወጣት መምህር ከአዲስ አበባ መጣና በገዛ ፈቃዱ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያስተምረን ጀመር። መምህርን «እሳቸው» ማለት ተገቢ ነው። ይህኛውን ግን «እሱ» እላለሁ፤ ይቅር ትሉኛላችሁ። ጫማው በዚያ ጭቃ መካከል ያበራ ነበር። እጆቹ ንጹሕ ናቸው፤ ጠመኔ ሲይዝ እንኳ ጫፉን በወረቀት ጠቅልሎ ነው። ክፍላችን ቆርቆሮ ለብሶ ስለነበር ዝናብ ሲመጣ ማስተማሩን ያቆምና መስኮቱ ላይ ተቀምጦ እኛን ያየናል። ያኔ ያ አስተያየት ደስ ይለን ነበር። ከዚያ በፊት ማንም መምህር እንደዚያ አተኩሮ አይቶን አያውቅም።

ስለ አንድ የፈረንጅ ውሻ ነገረን። ደወል እየተደወለለት ሥጋ ሲሰጠው የኖረ ውሻ፣ በኋላ ደወሉን ብቻ ሲሰማ ምራቁ ይዝረበረባል አለን። አንዱ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰፈር ውሻ እኮ ደወል ሲሰማ ነው የሚሸሸው። ዲያቆኑ በድንጋይ ነዋ የሚቀበለው!» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩም ሳቀ። «ያው ነው፤ እሱም ተምሯል» አለ። ወደድነው። አልዋሽም፣ ወደድነው።

ከአጠገቤ የምትቀመጠው ባልንጀራዬ የሸማኔ ልጅ ነበረች። እነሱ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን፤ በመካከላችን አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር። አጎቶቿ መቅደላ በኩል ለሚኖር ሰው ሊድሯት ተስማምተው ሳለ አባቷ ብቻቸውን እንቢ ብለዋል። በሽማግሌ ፊት የሰጡት ቃል ይህ ነበር፦ «ዲኗን የሚነካ ነገር እስካልመጣ ትማራለች። ከመጣ ግን የእናንተን እቀበላለሁ።» መምህሩም ይህን ያውቃል። አንድ ሐሙስ ስለ ፍርሃት ሲያስተምር እያንዳንዳችንን ምን እንደምንፈራ ጠየቀን። እኔ ጅብ አልሁ። እሷ ግን ቆማ ይህንኑ የአባቷን ቃል ተናገረችና «ከትምህርት ቤት መቅረት እፈራለሁ» አለች። «ግሩም ምሳሌ» አላት።

በእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም በሰርግም በለቅሶም አብሮ ነው። ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል፤ ለየብቻ ይበስላል። ክርስቲያን ቤት ድግስ ሲኖር ለሙስሊሞቹ የራሳቸው ሰው ያርዳል፣ የራሳቸው ሴቶች ይሠራሉ። እኛ ሰፈር ደግሞ የሙስሊሞቹን ድስት ክዳኑን ከእጀታው ጋር በጨርቅ እናስረዋለን፤ የሚፈታውም የእነሱ ሰው ብቻ ነው። ይህ የጥላቻ ነገር አይደለም። እንግዳን ማክበር ማለት ለእኛ ድስቱን መለየት ነው።

የዓመቱ ትምህርት ሊያበቃ ሲል መምህሩ «ከመለያየታችን በፊት አንዱን ሐሙስ አብረን እንብላ» አለ። ሁለት በግ ታረደ። የእኛን ወጥ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሠራን። የእነሱን ባልንጀራዬ ከእናቷ ጋር ቤቷ ሠርታ ተሸክማ መጣች። ክዳኑን ያሰረችበት ጨርቅ አባቷ የሸመኑት ነጠላ ቁራጭ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ቀይ ጥለት አለው። የቋጠረችውም የተበጠሰ ድር በሚቀጠልበት በሸማኔ ቋጠሮ ነበር። ትንሽ ነው፤ ያልለመደ ሰው በጥርሱም አይፈታውም።

ድስቶቹን ክፍል ውስጥ አስቀምጠን ውኃ ልንቀዳና አግዳሚ ልናወጣ ስንሄድ መምህሩ «እኔ እጠብቃቸዋለሁ» ብሎ ብቻውን ቀረ። ስንመለስ ባልንጀራዬ ጨርቁን ፈታችና ለራሷ ወገኖች አወጣች፤ እኛም የእኛን አወጣን። በላን። ጣቶቻችን በቅቤ ራሱ። መምህሩ «ትንሽ ሆዴን አሞኛል» አለና መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን መላጥ ጀመረ።

ሁላችንም ከበላን በኋላ እንደ ዋዛ ተናገረ።

«ልጆች፣ ውኃ ልትቀዱ ስትሄዱ የድስቶቹን ወጥ ለዋውጫለሁ።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ከኋላ ወንበር ያ ድምፅ ተሰማ፤ አንጀት ወደ ላይ ሲመጣ የሚሰማው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል። በሩ ላይ ተገፋፋን። የደረሰው ደጅ፣ ያልደረሰው እዚያው። ቅቤውና በርበሬው ተመልሶ ሲወጣ ያለውን ሽታ አልገልጸውም። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቀሚሴ ላይ አስመለስሁ። እሱ ከመስኮቱ ወርዶ፣ ጫማውን ከትውከቱ እያራቀ በመካከላችን ይዞር ጀመር። አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ብርቱካኑ በእጁ ነው።

«የት ጀመረሽ? ሆድሽ ላይ ነው ወይስ ጉሮሮሽ ላይ?»

እንደ ሐኪም ቢጠይቀኝ አይቀፈኝም ነበር። ዓይኖቹ ግን ደስ ብሏቸዋል።

ከዚያ አጨበጨበ። «ስሙኝ! ምንም አልነካሁም። ዋሽቼ ነው። የበላችሁት የራሳችሁን ነው። ያስመለሳችሁ ሥጋው አይደለም፤ ያስመለሳችሁ ቃሌ ነው። ይህ ነው ትምህርቱ!» እና ቆመ። የምናጨበጭብለት መስሎት ነበር፤ አሁንም እንደዚያ ይመስለኛል።

ባልንጀራዬ ከቦታዋ አልተነሣችም ነበር። ያላስመለሰችው እሷ ብቻ ናት። አፌን እየጠረግሁ አጠገቧ ስደርስ በጆሮዬ «አልቀየረውም። የፈታሁት የራሴን ቋጠሮ ነው» አለችኝ። እሱም አያት።

«አንቺስ? ምንም አልተሰማሽም?»

«መምህር፣ እኔ ቋጠሮዬን…»

እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛት። ወደ ክፍሉ ዞረ። «አያችሁ? ይህች ልጅ ከልማድ ነፃ ወጥታለች። ሥጋ ሥጋ ነው ብላ ተቀምጣለች። ሁላችሁም እንደሷ ብትሆኑ ይህች አገር ትለወጥ ነበር።»

ባልንጀራዬ አቀረቀረች። እሱ ያመሰገናት መስሎታል።

ይህን ሁሉ ስተርክላት የነበረችው የልጅ ልጄ እዚህ ላይ ስደርስ ብርቱካኑን ከነልጣጩ አንሥታ ወደ ውጭ ወሰደችው። ተመልሳ ስትቀመጥ «እማማ፣ እርስዎ ላይ የሆነው እኮ የውሻው ነው፤ ሽታውን ከዚያ ቀን ጋር አቆራኝተውታል» አለችኝ። አውቃለሁ አልኋት። እኔ ላይ ትምህርቱ ሠርቷል።

ሳይመሽ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ግማሹ የክርስቲያን ልጆች የሙስሊም ሥጋ በሉ አለ፤ ግማሹ ተቃራኒውን አለ። «ዋሽቼ ነው» ማለቱንማ ሁሉም ሰምቷል። ግን ዋሽቻለሁ ያለ ሰው የትኛው ቃሉ ይታመናል? እኔን እናቴ ይዛኝ ወደ ነፍስ አባታችን ሄደች። እሳቸውም ጠበል እየረጩኝ «በልተሽ ከሆነ እግዜር ይፍታሽ፤ ካልበላሽም ጠበል አይጎዳ» አሉኝ። ስግደት ሰጡኝና በዚያው አለቀ። የእኛ ነገር መፍቻ ነበረው።

በማግስቱ ጧት የባልንጀራዬ አባት ትምህርት ቤቱ በር ላይ መጡ። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል፤ ጋቢያቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። እኔና እሷ ከአጥሩ ሥር ቆመን ሰማናቸው።

«መምህር፣ እንደምን አደሩ። ልጄን ስላስተማሩልኝ አላህ ይስጥልኝ።»

«ምን ፈለግህ?» አላቸው። አንተ አላቸው፤ የአባቱ እኩያ ናቸው።

«ልጄ ቋጠሮዬ አልተነካም ብላኛለች፤ እኔ አምናታለሁ። ወንድሞቼ ግን የልጅ ቃል አይቀበሉም። እባክዎ ከእነሱ ፊት ይምጡና ‹ድስቱን አልነካሁም› ብለው ይማሉልኝ። በእርስዎው ሃይማኖት ይማሉ። በዚሁ ያልቃል።»

ሳቀ። «የማስተምረው ሳይንስ ነው፤ በሳይንስ መሐላ የለም። ትናንት አልነካሁም ብያለሁ፤ በቃ።»

«ትናንትማ ሁለት ነገር ብለዋል፤ ነክቻለሁም፣ አልነካሁምም።»

ሰዓቱን አየ። «ይልቅ ልጅህ ጎበዝ ናት። ከሁሉም ነፃ የወጣችው እሷ ናት።»

«እሱን ነው እንዳይደግሙት የምለምንዎት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ደወል ተደወለ። ገባ።

በእኛ አገር የማለ ሰው ነገሩን ዘጋ ማለት ነው። በድንበር የተጣላ፣ ከብት ጠፋብኝ ያለ፣ ባላጋራው ከማለለት ባያምነውም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኒያ ሽማግሌ ለወንድሞቻቸው ይዘው የሚሄዱት ሌላ ምንም አልነበራቸውም። ከመምህሩ የሚፈለገው እዚያ ድረስ ሄዶ አንዲት ዐረፍተ ነገር መናገር ብቻ ነበር። ክፉ ሰው ነበር አልልም። ክፉ ሰው የሠራውን ያውቀዋል። እሱ ግን ምንም እንዳላደረገ ሆኖ በእነዚያ ንጹሕ እጆቹ ጠመኔውን አነሣ። እስከ ዛሬ የሚሰቀጥጠኝ ይህ ነው።

አጎቶቿ የያዙት ነገር አንድ ብቻ ነበር። «ሌሎቹ አንጀታቸው እስኪወጣ ሲያስመልሱ እሷ ለምን ዝም አለች? ብትለምደው ነው እንጂ! መምህሯ ራሱ መስክሯል።» አባቷ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥተዋልና ቃላቸውን ጠበቁ። ለፈተና ወደ ክፍል የመጣችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ወንዶቹ በር ላይ «ነፃ የወጣችው መጣች!» እያሉ ተሳለቁባት። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። መምህሩ ስም ሲጠራ ስሟ ላይ ደረሰ፤ «ቀሪ» አለና ወደሚቀጥለው አለፈ።

ከመሄዷ በፊት አንድ ምሽት በቁልቋሉ አጥር በኩል ጠራችኝ። ስለ ሰርጉ የምታወራኝ መስሎኝ ነበር።

«ዛሬ ምን አስተማራችሁ?» አለችኝ።

«ስለ ማስታወስ።»

«ንገሪኝ እስቲ» አለች። ነገርኋት።

መቅደላ በኩል ለሚኖረው ለዚያው ሰው ዳሯት። ብዙ ዓመት አልተያየንም። እኔም ተምሬ፣ ጽሕፈት ቤት ሠርቼ፣ ወልጄ፣ አረጀሁ። ከዚያ የእሷ ልጅ ዓረብ አገር ሄደችና ባልንጀራዬም የተላከላትን ገንዘብ ለመውሰድ እዚህ ባንክ ለመምጣት ምክንያት አገኘች። አንድ ቀን ደጄ ላይ አንዲት አሮጊት ቆማ አየሁ። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጅብ ፈሪዋ!» አለችኝ።

ሙስሊም ጎረቤቴን ጠርቼ ዶሮ አሳረድሁላት፤ ሚስቱ በተለየ ድስት ሠራችላት። ክዳኑን በጨርቅ ያሰርሁት እኔ ነበርሁ። ስናቀርብላት ወሬዋን ሳታቋርጥ ፈታችው። ቋጠሮውን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

«አታዪውም?» አልኋት።

«ምኑን?»

«ቋጠሮውን።»

«ያሰርሽው አንቺ አይደለሽ?» አለችና እጇን ሰደደች።

ከዚያ ወዲያ በመጣች ቁጥር ያው ድስት ነው። ስትሄድ አጥባ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ራሷ ታስረዋለች። ስለዚያ መምህር አንድም ቀን አላነሣንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጎረቤት ያመጣልኝን ብርቱካን አይታ ለልመና ለመጣ ሰው ሰጠችው፤ አልጠየቀችኝም።

«ታዲያ እኔ ልጆቹን ምን ላድርጋቸው?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«አስተምሪያቸው። ግን የምታበያቸውን አስቀድመሽ አንቺ ብዪ።»

ማታ ራት ልትሠራ ወደ መደርደሪያው ሄዳ «እማማ፣ ይህ ድስት ለምንድን ነው የታሰረው? ልፍታው?» አለችኝ።

ባልንጀራዬ መሞቷን ልጇ ከጅዳ ደውላ ከነገረችኝ ሁለት ክረምት አልፏል።

«ተዪው» አልኋት። «በሌላው ሥሪ።»

ብትሞክርም እንዲህ በቀላሉ አይፈታላትም ነበር።